ማንም ያላዘዘው መልስ

«ሰርዝ» የሚለውን የተጫነች መስሏት ነበር። የተጫነችው ግን «ላክ» የሚለውን ነው።

ልጅቷ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ ከትምህርት ቤት መልስ በመቁረጫው ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጣ የሱቁን ኢሜይል የምትይዘው እሷ ናት። ባለፈው ወር ኢሜይሉ በራሱ መልስ እንዲያረቅ አድርጋው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው በጻፈ ቁጥር አንድ ረቂቅ ከሥሩ ተጎልቶ ይጠብቃታል። «አመሰግናለሁ» ላለ ሰው እንኳ ያረቃል። ዛሬ አርባ ሦስት ስለደረሱና ስላንገሸገሿት ልታጸዳቸው ተነሣች፤ ዐሥራ ሰባተኛው ላይ እጇ ሳተ።

መልሱ የሄደው ለአንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው። ሴትዮዋ ለተማሪዎቻቸው የማርሽ ባንድ ስልሳ ኮት አዝዘው «መቼ ይደርስልናል?» ብለው ጠይቀዋል። ረቂቁ ደግሞ «እሺ፣ አታስቢ! ሐሙስ ይደርስልሻል» ይላል።

ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው። ከስልሳው ኮት ሃያ ሁለቱ ገና ቁልፍ አልተተከለላቸውም። አባቷ ደግሞ ቀን ሰጥቶ ቀን አሳልፎ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው በዚህ ነው፤ እሷም አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄደው በዚሁ ነው።

ለጓደኛዋ ደወለች። ክፍል ውስጥ «ጠበቃ» ይሏታል፤ ለየትኛውም ጥፋት መከላከያ አታጣም።

«ቀላል ነው» አለች ጠበቃ። «ኢሜይላችን ተጠልፏል በያቸው። ማን ያጣራል?»

«አባዬስ?»

«ፋራ አትሁኚ! አባትሽ ከየት ያውቃል?»

ልጅቷ «ኢሜይላችን ተጠልፎ ነው» ብላ ጻፈች። ከሥሩ እንደተለመደው የአባቷ ስም አለ። ስሙን ከውሸቱ ሥር ስታየው አፈረች። አጠፋችውና ተነሥታ አባቷ ዘንድ ሄደች።

አባቷ ከንፈሩ ላይ ስፒል ይዞ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሷል። የሆነውን ነገረችው፤ የተላከውንም አነበበችለት። ስፒሉን አወጣ።

«አታስቢ? እኔ? እኚያን ሴትዮ አንቺ አልኳቸው?»

«አባዬ፣ ዋናው እሱ አይደለም...»

«እንዴት አይደለም! ሠላሳ ዓመት ስሰፋ ደንበኛ አንቺ ብዬ አላውቅም!»

ሐሙስ የምትለዋ ቃል ዘግይታ ደረሰችው። ወደ ኮቶቹ ዞረ።

«ሐሙስ ነው ያልሽው? እኔ የኮት ቁልፍ ቸግሮኝ እዚህ ተቀምጫለሁ፣ አንቺ ደግሞ ቁልፍ አገኘሁ ብለሽ ተጫንሽ?»

ልትስቅ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔው ልጻፍላቸው።»

«ምን ብለሽ?»

«እውነቱን። ትዕዛዙን ቢነሱንም።»

አባቷ ቁልፍ የሚቀራቸውን ኮቶች በጣቱ ቆጠረ። «ኮቶቹ ሰኞ ይደርሳሉ። ጻፊ» አላት።

እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ክብርት ሆይ፣ ቅድም የደረሰዎት መልስ የአባቴ አይደለም። ኮምፒውተሩ ያረቀቀውን ልሰርዝ ስል በስሕተት የላክሁት እኔ ልጃቸው ነኝ። አባቴ እርስዎን አንቺ አይሉም፤ የማይደርሱበትን ቀንም አይሰጡም። ሃያ ሁለት ኮቶች ቁልፍ ይቀራቸዋል። ስልሳውም ሰኞ ጠዋት ይደርስዎታል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ግማሽ ሰዓት ጥፍሯን ስትበላ ቆየች። ከዚያ መልሱ መጣ።

«ትርዒታችን የሚመጣው ማክሰኞ ስለሆነ ሰኞ ይበቃናል። እውነቱን ለመናገር፣ አንቺ መባሉን ወድጄው ነበር፤ ከተባልኩ ቆይቻለሁ። ደብዳቤሽን ግን ይበልጥ ወደድኩት።»

አባቷ ሁለት ጊዜ አስነበባት። አልበቃውም፤ በር ላይ ቆሞ ጎረቤቱን ጫማ ሰፊ ጠራ።

«ና እስቲ የልጄን ደብዳቤ ስማ! ራሷ ናት የጻፈችው፣ ከራሷ አውጥታ!»

«አባዬ፣ ተው በናትህ!» አለች። ግን ለሦስተኛ ጊዜ ስታነብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው፤ ኩራቷን መደበቅም አልቻለችም።

ጫማ ሰፊው ሲሄድ የሚያረቀውን ነገር ዘጋችው፤ የቀሩትን ሃያ ስድስት ረቂቆችም አንድ በአንድ ሰረዘች። ወዲያው አዲስ መልእክት ገባ። አንድ ሆቴል ለወጥ ቤቱ ሠላሳ ሽርጥ ፈልጎ፣ መቼ እንደሚደርስለት ይጠይቃል። ከሥሩ ምንም የለም።

«አባዬ፣ ለሽርጦቹ መቼ ልበላቸው?»

አባቷ ከመኪናው ቀና አላለም። «አንቺው ቀን ስጪያቸው» አላት።

«እስከ» ብላ ጻፈችና ቆመች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ መደርደሪያው ላይ ስንት ጥቅል ጨርቅ እንደቀረ ልታይ ሄደች።