የሴኪጉቺ ሳህን

«ቀለሙ ሳይደርቅ እንዳትነኪው» አለች እናቷ ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል። «ዝናቡ ዛሬ አላስደርቅ ብሏል።»

ቺሆ ላጲሱን በጣቶቿ መሃል እያገላበጠች ጠበቀች። የቅዳሜ ከሰዓት ሥራዋ ይኼው ነው። እናቷ በእርሳስ ነድፋ በቀለም የጨረሰቻቸውን ገጾች ትቀበልና ከሥር የቀረውን የእርሳስ መስመር ታጠፋለች። ሲያዩት ቀላል ነው። ሳይደርቅ ላጲስ የነካው ገጽ ግን አለቀለት፤ የስንት ቀን ልፋት ባንዴ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ቺሆ በአሥራ አንድ ዓመቷ አንድ ጊዜ ይህን ጉድ ሠርታለች። እናቷ አልተቆጣቻትም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ትንሽ አለቀሰችና ወጥታ እንደገና ሳለችው። ከዚያ ወዲህ ቺሆ ማራገቢያውን አጠገቧ ሳታደርግ ላጲስ አትይዝም።

እናቷ የምትሠራው ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ፣ «ሦስተኛው ረድፍ» ይባላል። አንዲት አፏ የማይታዘዝላት ተማሪ ከፊቷ የሚቀመጠውን ልጅ ትወደዋለች፤ ልትነግረው ስትል ሌላ ነገር ትቀባጥራለች፤ እንዲህ ስትል ዘጠኝ ዓመት ሞላት። በየወሩ በመጽሔት ይወጣል፣ አኒሜ፣ ማለትም የካርቱን ፊልም፣ ሆኖ በቴሌቪዥን ታይቷል፣ አሁን ደግሞ እውነተኛ ተዋንያን የሚሠሩበት ፊልም ሊሆን ነው። እናቷ በብዕር ስም ስለምትሠራ ያቺ ዝነኛ ደራሲ የቺሆ እናት መሆኗን በትምህርት ቤት የሚያውቅ የለም። ቺሆም እንዲታወቅ አትፈልግም። በተለይ ሴኪጉቺ እንዲያውቅ አትፈልግም።

ሴኪጉቺ የክፍሏ ልጅ ነው። መጽሔቱን ከእህቱ እየወሰደ ሰው ፊት ያነባል። ጓደኞቹ «የሴቶች ነገር ታነባለህ? ቀሽም!» ብለው ሙድ ሲይዙበት «አንብባችሁ ቢሆን ኖሮ ታለቅሱ ነበር» ይላቸዋል እንጂ አይደብቀውም። ባለፈው ወር ስለ አኒሜው ሲከራከር ቺሆ ከኋላው ሆና ሰምታዋለች።

«መጨረሻውን አበላሹት እኮ! ርችት እየተተኮሰ ‹እወድሃለሁ!› ብላ ትጮሃለች። እሷ እንደዛ ትላለች? እሷ የሆነ የማይረባ ነገር ነው የምትለው፤ መረዳት የሱ ፋንታ ነው። ፊልሙም እንዲህ ካደረገ ትኬቴን እዚያው ሲኒማ ቤት በር ላይ ነው የምቀደው።»

ቺሆ ይህን ማታውኑ ለእናቷ አወራችላት። ለእናቷ የማታወራው ነገር የለም። ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው።

እናቷ አሥራ ዘጠነኛውን ገጽ ዘረጋችላት። ቺሆ እንደ ልማዷ ከላይ በቀኝ በኩል ካለው ሥዕል ጀመረች። ተማሪዎች በየተራ ለክፍል ጓደኞቻቸው ምግብ የሚያድሉበት የምሳ ሰዓት ነው። ልጅቷ የተረኛ ነጭ ሽርጥ ለብሳ፣ ነጭ ቆብ ደፍታ፣ ማስክ አድርጋ፣ ጭልፋ ይዛ ቶፉ፣ አይብ የሚመስል የአኩሪ አተር ቁራጭ፣ የገባበት ሾርባ ትቀዳለች። ልጁ ጎድጓዳ ሳህኑን ዘርግቶ ቆሟል።

«ለኔ ሁልጊዜ ቶፉ የሚበዛው ለምንድን ነው?»

«ሳህንህ ጎድጎድ ስላለ ነው።»

ቺሆ ክው አለች። ማክሰኞ ዕለት፣ ያንኑ ሽርጥ ለብሳ፣ ያንኑ ጭልፋ ይዛ፣ ለሴኪጉቺ የመለሰችለት ቃል በቃል ይኼ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሳህኖች በሙሉ እኩል ናቸው፤ ይህን አንደኛ ክፍል ያለ ልጅም ያውቀዋል። ሴኪጉቺ ሳህኑን አገላብጦ አየና «እሺ» ብሎ ሄደ። ማታ ለእናቷ እንደ ቀልድ ስትነግራት እናቷ ከሳቋ ብዛት የመብያ እንጨቶቿን ከእጇ ጣለች።

ከታች ግን አንድ ትንሽ ሥዕል ነበረች። ከማስኩ በላይ የልጅቷ ዓይኖች፣ ከዓይኖቿ ጎን ያልተናገረችው ሐሳብ፦ «ስለምወድህ ነው።»

ይህን ቺሆ ለማንም አልተናገረችም። ለእናቷም ቢሆን።

«እማዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

እናቷ ብዕሯን አስቀመጠች። «ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ሲኒማ ቤት ከገባን በኋላ?»

«የፊልሙ ሰዎች ይኼንን ነው የሚጠብቁት» አለች እናቷ፣ የቀለም ጠብታ ያለበትን አውራ ጣቷን እየፈተገች። «መጨረሻውን። ስድስት ጊዜ ሳልኩት፣ ስድስቱንም ቀደድኩት። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው ቺሆዬ፣ በአሥራ አራት ዓመት ሰው ምን እንደሚል ጠፍቶብኛል። አንቺ ስለ ሳህኑ ስትነግሪኝ ግን…»

«ሴኪጉቺ ያነበዋል እኮ! አንድ ወር አምልጦት አያውቅም! ከኔና ከሱ ሌላ ማንም አልሰማም፤ በቃ ወዲያው ያውቃል፣ ያንቺን ማንነት ያውቃል፣ ደግሞ ያ የታችኛው…»

«የታችኛው ውሸት ነው?»

የቺሆ ፊት በርበሬ መሰለ።

እናቷ ከወንበሯ ተነሳች። እጆቿን አጋጥማ፣ ሥራ አዘግይታ አርታኢዋ ፊት እንደምትቆመው ሁሉ፣ ለገዛ ልጇ ወገቧን ጎንበስ አድርጋ አንገቷን ደፋች።

«መጀመሪያ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። አጥፍቻለሁ። አርታኢዬ አቶ ኩሱዳ ገጾቹን ሊወስዱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ አሁን ስምንት ከሩብ ነው። አይሆንም ካልሽ እቀደዋለሁ። ርችቱንም ቢሆን እስለዋለሁ።»

ይህን ብላ ሩዝ ልትጠፈጥፍ ወደ ማድ ቤት ገባች። ቺሆን ከገጹ ጋር ለብቻዋ ተወቻት።

ቀለሙ ገና ያብለጨልጫል። መቀደድም አያስፈልገውም፤ ላጲሱን አንዴ ብታሳልፍበት ያበቃል። ቺሆ ላጲሱን አስጠጋች። የልጅቷ እጅ ላይ ስትደርስ ቆመች። እናቷ ጭልፋው እንደሚንቀጠቀጥ አድርጋ ስላዋለች፤ አንድ ቁራጭ ቶፉ ጫፉ ላይ ሊወድቅ ተንጠልጥሏል። የቺሆም እጅ ተንቀጥቅጦ ነበር። ይህንንም አልነገረቻትም።

ልጁን አየችው። ጆሮዎቹ ላይ እናቷ መቅላትን ለማሳየት የምታሰምራቸው ቀጫጭን ሰረዞች አሉ።

«እማዬ!» ብላ ተጣራች። «ጆሮው ለምን ቀላ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? እንዲቀላ ስለፈለግኩ ነዋ!» አለች እናቷ ከማድ ቤት። «እዚያ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ አላየሽውም?»

አላየችውም። ያን ጊዜ ዓይኗ የነበረው ሾርባው ላይ ነው።

በጣም ያናደዳት ምን እንደሆነ አሁን ገባት። ሴኪጉቺ ማወቁ ብቻ አልነበረም። ከእሷ አፍ ሳይሆን ከእህቱ መጽሔት ማወቁ ነው። ቺሆ ላጲሱን አስቀመጠችና ማራገቢያውን ከፈተች። ገጹ እስኪደርቅ አርባ ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ የእርሳሱን መስመር አንድ በአንድ፣ አንዲት ጭረት እንኳ ሳትተው አጠፋች። እናቷ የሩዝ ድብልብሎቹን ይዛ ስትመለስ ገጹ ንጹሕ ሆኖ ጠበቃት።

«ይሂድ» አለች ቺሆ። «መጽሔቱ መቼ ነው የሚወጣው?»

«ከሦስት ሳምንት በኋላ።» እናቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «እርግጠኛ ነሽ የኔ ልጅ?»

«ምሳ የማደል ተራዬ ሊያልቅ ገና አንድ ሳምንት ይቀረዋል» አለች ቺሆ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሰኞም ሾርባው የቶፉ ነበር። ቺሆ ቆቧን ደፍታ፣ ማስኳን አድርጋ፣ ሰልፉን ሳታይ ትቀዳለች። ሴኪጉቺ ሰባተኛ ነበር። ሳህኑን ዘረጋ። ጭልፋው ተንቀጠቀጠ፤ አራት ቁራጭ ቶፉ ጠብ ጠብ እያለ ገባ።

ሴኪጉቺ ቆጠራቸው። «ዛሬም ጎድጎድ ብሏል?»

«ኧረ እለፉ፣ በረሃብ አለቅን እኮ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ቺሆ ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገች። ለተረኛ ክልክል ነው፤ መምህሩ ቢያዩ ይቆጧታል።

«አይ» አለች። «ሳህንህ ከሁሉም ሰው ሳህን እኩል ነው።»

ሴኪጉቺ ሳህኑን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ። ከኋላው የነበረው ልጅ በትከሻው ገፋ ቢያደርገውም ካለበት አልተነቃነቀም። ቺሆ በዚህኛው ጊዜ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ስለዚህ ጆሮዎቹ ከጫፋቸው ጀምሮ ቀስ እያሉ ሲቀሉ አየች።

ማስኳን መለሰችና ቀጥሎ ለቆመው ልጅ ቀዳችለት። ሁለት ቶፉ።