«ተቀበል» ያሉኝ ለት

ወረታ ውስጥ የሚያውቀኝን ሁሉ ጠይቅ፣ ዛር፣ ቡዳ፣ የሙት መንፈስ እያሉ ሲያወሩ «እስቲ አንዱን ጥሩልኝ፣ ጎማ የሚነፋልኝ ሰው አጥቻለሁ» እያልኩ የማሾፍ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፣ አሁንም ቢሆን ሌላ ሰው ይህን ቢያወራልኝ ከልቤ እስቅበት ነበር፤ ስለዚህ ብትስቅ አልቀየምህም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከባሕር ዳር የሚመጡ ልጆችን እየመራሁ በገጠሩ እነዳለሁ፣ እነዚህ ልጆች አስፋልት አይወዱም፣ ኮረኮንች፣ የከብት መንገድ፣ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው የሚፈልጉት፣ መጀመሪያ ያበዱ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ እኔም አብሬ አበድኩ። ከወረታ ተነስቶ በሩዝ ማሳው መሐል አልፎ፣ የጉማራን ወንዝ በበጋ ተሻግሮ ወንዛዬ ፍል ውሃ የሚያደርሰውን መንገድ ዐይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የእኛ ደብር ደን ካለቀበት ላይ፣ ሜዳውን በትልቁ እንዞር ነበር። ልጆቹ ሁልጊዜ «እዚህ ጋ አቋራጭ የለም እንዴ?» ይሉኝ ነበር፣ እኔም የለም እላቸው ነበር። ነበረ እንጂ።

የዘጋው አያ ንጋቱ የሚባል ጎረቤታችን ነው። አባቶቻችን ከብት የነዱበት የወል መንገድ ነበር፣ ሩዝ ሲወደድ አያ ንጋቱ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ አረሰው፣ በመጨረሻም በእሾህ አጥሮ የራሱ አደረገው። እህቴ ዝና ምጥ የያዛት ክረምት ላይ ነው፣ ሜዳው ሁሉ ውሃ ተኝቶበታል፣ በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ ጤና ጣቢያ ስንሮጥ ከዚያ አጥር ደረስን፣ አባቴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ለመነው፣ ዝና ደግሞ ከቃሬዛው ላይ «ውሃ፣ ውሃ» ትላለች። አያ ንጋቱ ከአጥሩ ማዶ እንደ ቆመ «ሩዜ ዘለላ ይዟል፣ አላስረግጥም፣ በዙሪያው ሂዱ» አለ። በዙሪያው ሄድን። ውሃው ጉልበታችን ላይ ሲደርስ ዝና ከነልጇ እዚያው ትከሻችን ላይ ሞተችብን።

ኋላ ሽማግሌ ገባ፣ አባቴ ስለ እግዚአብሔር ብሎ ይቅር አለ፣ እኔ የሽማግሌ ፊት አፍሬ ዝም አልኩ እንጂ ይቅር አላልኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰውዬው ሲታመም ደስ ይለኝ ነበር፣ በሬው ገደል የገባበት ቀን ጠላ ገዝቼ ጠጥቻለሁ፣ ምን ልዋሽህ።

ዝና ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፣ ያ ልነግርህ ያልኩት ለት ኅዳር ነው፣ ሩዝ ለአጨዳ ደርሷል፣ ብቻዬን ከወንዛዬ እየተመለስኩ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደኑ ውስጥ ገባሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የእግር ድምፅ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ እግር ምን እንደሚል ታውቅ የለ፣ እንደዚያ ነው፣ መንገዱ ግን ደረቅ ጠጠር ነው፣ ዝናብ ካየን ቆይቷል። ቀጥሎ የእንጨት ሲጥሲጥታ መጣ። የብስክሌቴ ካቴና ነው ብዬ ወረድኩና ዘይት ጠብ አደረግኩበት፣ ሥራዬ አይደል፣ ዞር ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም፣ ተመልሼ ወጣሁ። ሲጥሲጥታው አብሮኝ ቀጠለ፣ ጭራሽ የሰው ትንፋሽ ተጨመረበት፣ ሮጠው የደከሙ ሰዎች ትንፋሽ።

ከዚያ ከኋላዬ አንድ ወንድ «ተቀበል!» አለኝ።

የገጠር ሰው ከሆንክ ይገባሃል፣ ቃሬዛ የያዘ ሰው ትከሻው ሲዝል «ተቀበል» ይላል፣ የሰማ ሁሉ፣ መንገደኛም ቢሆን ደመኛም ቢሆን፣ «ተቀበልሁ» ብሎ ትከሻውን ይሰጣል፣ የታመመው ማን እንደሆነ እንኳ የሚጠየቀው ከተሸከሙ በኋላ ነው። ከልጅነቴ የለመድኩት ነገር ነውና አፌ ቀደመኝ፣ «ተቀበልሁ» አልኩ።

የብስክሌቴ የኋላ መጫኛ ዝቅ አለ። ሙት ስልህ፣ ጎማው ጠጠሩ ላይ ሲጨፈለቅ ሰማሁት፣ ስንት ሰው አፈናጥጬ አውቃለሁ፣ የዕቃ ክብደትና የሰው ክብደት አይምታታብኝም፣ ይህ ሰው ነው፣ ሴት እንደምትቀመጠው ሁለት እግሩን ወደ አንድ ወገን አድርጎ የተቀመጠ ሰው፣ ትንፋሹ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። ዞሬ ለማየት አንገቴ እምቢ አለ። ከደኑ ስወጣ መሪው ወደ ዙሪያው መንገድ መዞር ሲገባው ወደ አያ ንጋቱ አጥር ዞረ፣ ወይም እኔ አዞርኩት፣ እሱን እስከዛሬ ለይቼ አላውቅም። የእሾሁ አጥር ለወትሮው ውሻ አያሳልፍም፣ ያን ለት መሐሉ ተከፍቶ ነበር፣ ሩዙ ውስጥ ገባሁ፣ ዘለላው ግራና ቀኝ እግሬን ይመታኛል፣ ያ የጭቃ ኮቴ አሁን በሁለቱም ጎኔ ይሮጣል፣ እና ልንገርህ፣ ከፍርሃቱ ሥር ደስታ ነበረኝ፣ እርገጡለት፣ እርገጡለት እያልኩ ነበር በልቤ።

አያ ንጋቱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ማጭድ ይስላል። ከፊቱ ስደርስ ብስክሌቱ ቆመ፣ መጫኛው ሲጥ ብሎ ተነሳ፣ ቀለለኝ። ሽማግሌው እኔን አላየኝም፣ ከኋላዬ ያለውን ነበር የሚያየው። ማጭዱ ከእጁ ወደቀ፣ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ከበሩ ፈቀቅ አለ፣ ከዚያ «ቤት ለእንቦሳ» ብላ ለገባች ሴት እንደሚመልስ ሰው በቀጭን ድምፅ «እንቦሳ እሰሪ» አለ። እኔ ምንም ሰላምታ አልሰማሁም። መጫኛዬን ብዳስሰው እርጥብ ጭቃ ነው፣ የክረምት ጭቃ። በመጣሁበት ሩዝ ውስጥ እንዴት እንደተመለስኩ አትጠይቀኝ።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ የአያ ንጋቱ ሩዝ ተረገጠ ብሎ አወራ፣ እኔም እንደማያውቅ ሰው ሄጄ አየሁት፣ መሐሉ ላይ አንድ የጎማ መስመር፣ ከግራና ከቀኙ ደግሞ የብዙ ሰው ባዶ እግር፣ ልክ ቃሬዛ በሚያሳልፍ ስፋት። ሰውዬው ማን ረገጠብኝ ብሎ አልከሰሰም፣ ያን ሳምንት አጥሩን በባዶ እጁ ነቀለው።

ቆይቶ ሱቄ መጣ። እጁ በእሾህ ቆስሏል፣ ከስቷል፣ በርጩማ ሰጠሁት፣ ጠላትም ቢሆን ሽማግሌ አቁሞ አይወራም።

«አንተ አምጥተሃታል፣ አንተው ውሰዳት» አለኝ።

«ማንን ነው የምወስደው፣ አያ ንጋቱ?»

«ማንን ትለኛለህ? ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። ውሃ ስጠኝ ትለኛለች፣ ቀድቸ እሰጣታለሁ፣ ሲነጋ ጣሳው እንደ ሞላ አገኘዋለሁ። እንደገና ውሃ ትለኛለች። እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ ልጄ።»

«እርስዎ አጥር ማዶ ቆመው ስትለምንዎ አልሰሙ ኖሯል? አሁን ይስሟታ።»

አንገቱን ደፋ። «መቸ ነው የምትሄጅ ብየ ጠይቄያታለሁ» አለ፣ «ወንድሜ በቃኝ ሲል እሄዳለሁ ነው የምትለኝ። በቃኝ በል፣ ስለ እመቤቴ፣ ደጄ ቁመህ በቃኝ በላት።»

እኔ ምን አልኩት መሰለህ፣ «በዙሪያው ይሂዱ» አልኩት። ይህን ቃል ስንት ዓመት አፌ ውስጥ ይዤው ነበር፣ ስተፋው እንደ ማር ጣፈጠኝ፣ እሱ ግን ተነስቶ ሄደ።

ጣፋጩ ግን አልቆየም። ለንስሐ አባቴ ለመምሬ አድማሱ ሁሉን ነገርኳቸው፣ ይቆጡኛል ስል መስቀላቸውን አሳልመውኝ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ። እሱን ያሰርኸው መስሎሃል፣ ያሰርኸው እሷን ነው። ዝና ከዚያ ምሰሶ ሥር ምን አላት? እናትና አባት እያላት በጠላቷ ቤት ውሃ ስትለምን ትኑር?» አሉኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አሁን አቋራጩ ክፍት ነው፣ ልጆቹ ከመንገዱ ሁሉ እሱን ይወዱታል፣ ደጁ ላይ ለሚቀመጠው ሽማግሌ እጃቸውን እያውለበለቡ ያልፋሉ፣ እሱ አይመልስላቸውም፣ እኔን ብቻ ነው የሚያየኝ፣ አፌን። እኔም ብቻዬን ስሆን እየሄድኩ ደጁ ላይ አንድ እግሬን መሬት አስነክቼ እቆማለሁ፣ «በቃኝ» ለማለት። እመነኝ፣ ከልቤ ነው የምሄደው፣ እህቴ ናት። ግን ደጁን ሳይ አባቴ ጭቃው ላይ ሲንበረከክ ይታየኛል፣ ጥርሴ ይገጥማል፣ ቃሉ አይወጣም።

ትናንትም ሄጄ ነበር። ውጭ አልነበረም፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ብዙ ቆምኩ፣ መጫኛውን በመዳፌ ጠረግኩላት፣ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ልሄድ ፔዳሉን ስረግጥ የአያ ንጋቱ ድምፅ ከቤት ውስጥ መጣ፣ ለእኔ ሳይሆን እዚያው አጠገቡ ላለ ሰው ነበር የሚናገረው።

«ዛሬም አላለም፣ እታለም» አላት፣ ከዚያ ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ።