በአንድ ጣሳ የታጠቡ መዝጊያዎች

በጦርነቱ በአራተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ቀለል ብሎ ጭቃው ገና ባልደረቀበት ወር፣ ከጦር መሣሪያ ፋብሪካው ጀርባ በሚገኘው የተኩስ ሜዳ ሹማምንቱ ወንበር ይዘው ተደርድረው ነበር፤ ከፊታቸው በአሸዋ ከረጢት ላይ የተጋደሙት አጫጭር ጠመንጃዎች ገና ስም እንኳ አልወጣላቸውም። አንድ እግረኛ ብቻውን ይዟቸው የአንድ ሙሉ ጓድ እሳት ያዘንባል የተባለላቸው የሙከራ መሣሪያዎች ናቸው። ተኳሾቹ ቃታ ሳቡ፤ ጠመንጃዎቹም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነክሱ የእንጨቱን ዒላማ ፈልጠው ማገዶ አደረጉት። የመሣሪያ ጉዳይ የበላይ የሆኑት ጄኔራል ከወንበራቸው ብድግ ብለው የፈጣሪውን መሐንዲስ ትከሻ መታ መታ አደረጉና፣ ለመጪው ታላቅ ማጥቃት በሺህ የሚቆጠር እንደሚፈልጉ እዚያው ተናገሩ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ያላጨበጨበው መሐንዲሱ ብቻ ነበር። በማዕረግ ኮሎኔል ነው፤ ሠራተኞቹ ግን «አባ ፀጉር» ይሉታል፤ «ፀጉር ታህል ይቀረዋል» እያለ ያለቀ ሥራ ስለሚመልስባቸው ነው፤ የገዛ አናቱ ላይ አንድም ፀጉር አለመኖሩ ደግሞ ስሙን አጸናለት። ያን ቀን ዝም ያሰኘው ሌሎቹ የማያዩት ነገር ነው። ከጥይቱ ጀርባ የሚቆልፈውን ብረት፣ መዝጊያ የሚሉትን፣ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ በገዛ እጁ በሞረድ እየፋቀ ነበር የገጠመው፤ የአንዱ መዝጊያ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን በቅጡ አይቆልፍም። በቅጡ ያልተቆለፈ ጠመንጃ ደግሞ የሚፈነዳው ወደ ተኳሹ ፊት ነው።

በማግሥቱ ጄኔራሉ ቢሮ ገብቶ ይህን ሁሉ አስረዳ፤ ማንኛውም መዝጊያ በማንኛውም ጠመንጃ እንዲገጥም የሚያደርግ መለኪያ የሚያዘጋጅበት አንድ ወቅት ብቻ እንዲሰጠው ለመነ። ጄኔራሉ ምንጣፋቸው ላይ እየተንጎራደዱ ሰሙትና፣ በሞረድ የሚፋቅ ከሆነ ሞረድ የሚይዝ እጅ መቼም አይጠፋም ብለው ነገሩን ቆረጡት። እንግዲያውስ ጠመንጃውና መዝጊያው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመታበት፣ ወታደሩም እንዳያቀላቅል ይነገረው ሲል ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ቁጥር ከተመታበት ወታደሩ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ከጠየቀ ይነገረዋል፤ ከተነገረው ይፈራል። ጠመንጃውን የሚፈራ ሠራዊት ይዘው ጦርነት ይገባሉ፣ ኮሎኔል?»

«ቢፈራ ይሻላል፣ ክቡር ጄኔራል።»

«ጦርነቱ የእርስዎን ፀጉር ቆሞ አይጠብቅም።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ያገሬው ሰው፤ ያቺ እንኳ ያፈሰሰችው የራሷን ነው፤ የለቀመችውም በገዛ እጇ ነው። እኚህ ሰው ግን የሚያፈሱት የሌላውን ነበር፤ ለቃሚውም ሌላ ነበር። ይህን እያሰብኩ ደሜ ይፈላል፤ መሐንዲሱም ፈልቶ ነበር፤ ነገር ግን ደሙ የፈላ ሰው ሁሉ በር ደርግሞ አይወጣም፤ እሱ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ዝም ያሰኘው ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ዕድሜውን በወርክሾፕ የጨረሰ ሰው ነው፤ በወርክሾፕ ደግሞ የሰው ሞረድ አይነካም፤ ባልንጀራ ቢሆን፣ ወንድም ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዕቃውን ራሱ ወልውሎ በራሱ መሳቢያ ይቆልፋል። ወታደርም እንዲሁ መሰለው። የየራሱን ጠመንጃ ለብቻው ፈቶ፣ ለብቻው አጥቦ፣ ለብቻው የሚገጥም ከሆነ መዝጊያው ከማን ጋር ይቀላቀላል ብሎ ልቡን አሳረፈ፤ ምሽግ ውስጥ ገብቶ አያውቅምና።

ፋብሪካው ሌት ተቀን ይሠራ ጀመር። ባሎቻቸው የዘመቱባቸው ሴቶችና የጡረታ ሽማግሌዎች ብረቱን ጠርንፎ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ጎንበስ ብለው ሲፈገፍጉ የብረት ብናኙ ቅንድባቸውን አመድ ያስመስለው ነበር። የባቡሩ ሠረገላዎች ሞልተው ወደ ግንባር ሲሄዱ ጄኔራሉ በስልክ ደውለው፣ በታላቅ ደስታ፣ የመጀመሪያው ዕጣ ለማን እንደደረሰ መሐንዲሱን አበሠሩት፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሱው አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገው አንድ ልጁ አስር አለቃ ሆኖ ለሚያገለግልበት ሻለቃ ጦር ነው። ልጅ በአባቱ እጅ ሥራ ቢዋጋ ትልቅ ክብር ነው አሉት። መሐንዲሱ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያም ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ጥይት በጫነው ባቡር ተሳፈረ። እውነቱን ለልጁ ሹክ ሊለው ነው የሄደው። ለሌላው አልነበረም፤ ይህንም እሱ ራሱ ያውቀው ነበር።

ቀትር ላይ ደረሰ። ፀሐይ ወጥታ ስለነበር የልጁ ጓድ ከምሽጉ ኋላ ሸራ ዘርግቶ መሣሪያ ይወለውል ነበር፤ አንዱ አፈሙዝ ይጠርጋል፣ አንዱ የጥይት ካዝና ያራግፋል፣ አንዱ ደግሞ የሁሉንም መዝጊያ በአንድ ትልቅ ጣሳ ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፎ እንደ ድንች ያጥባል። ዓይኑን ተሸፍኖ ቀድሞ የገጠመ ከካልሲ አጠባ ነፃ ይወጣል፤ ለዚህ ነው የሚሳሳቁት። ምልምል ሳሉ ጀምሮ የተማሩት እንዲህ ነው፤ በአሮጌው ጠመንጃ ምንም ጉዳት አልነበረውም። መሐንዲሱ ጣሳውን አየ። ልጁ ሮጦ መጥቶ ሲስመው እንኳ ዓይኑን ከጣሳው አላነሣም።

ሹክ ሊለው የመጣውን ነገር ጮኾ ተናገረ። ሳቁ ቆመ። የምሽጉ አዛዥ መቶ አለቃ አሮጌዎቹ ጠመንጃዎች ጠዋት ተሰብስበው መወሰዳቸውን፣ ጠላትም ከኮረብታው ማዶ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ነገረው፤ ቢሰድበው ይሻለው ነበር። መሐንዲሱ ኮቱን አውልቆ የጥይት ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ሞረዶቹን ፈታ፤ አንዱን ጠመንጃ በጉልበቶቹ መካከል ይዞ መዝጊያ እያነሣ መለካት ጀመረ፤ የሚገጥመውን ገጠመ፣ የማይገጥመውን ፋቀ፣ ሊፋቅ የማይችለውን ወረወረ። ወታደሮቹ ተሰለፉ።

«የአንተን አምጣ» አለው ልጁን፣ ቀና ሳይል።

ልጁ ከሰልፉ መጨረሻ ሄዶ ቆሞ ነበር። «የእኔ ይቆይ አባባ። አለቃቸው ነኝ።»

«አምጣ ብዬሃለሁ። ሌላ ልጅ የለኝም።»

«እነሱም እዚህ ሌላ አባት የላቸውም» አለ ልጁ። «የሠሩላቸው እርስዎ ነዎት። የእነሱን ይጨርሱ።»

መሐንዲሱ የቀጣዩን ወታደር ጠመንጃ ተቀበለ። እየተቻኮለ ይፍቅ ጀመር፤ ጣቱን ሞረዱ እየበላው፣ ደሙ ብረቱ ላይ እየተንጠባጠበ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉር ታህል የቀረውን «ይሁን፣ ይበቃል» እያለ አሳለፈ። ሰልፉ አጠረ፤ ሦስት አራት ሰው ሲቀር ከኮረብታው ተኩስ ተከፈተ፤ መቶ አለቃውም ሁሉንም ወደ ምሽጉ አዘዘ። ልጁ ያልተፈተሸ ጠመንጃውን አንሥቶ አባቱን አንድ ጊዜ ዘወር ብሎ አየና ሄደ። አባቱ ሞረድ በእጁ እንደያዘ እየተጣራ ተከተለው፤ ወታደሮች ወገቡን ይዘው አስቀሩት።

እውነቱ መነገር አለበት፤ ጠመንጃው በዚያ ቀን ተአምር ሠራ። በአጭር ሰዓት ውስጥ ጥቃቱ ተሰበረ፤ ጠላት ሽቦው ጋ ሳይደርስ ተመለሰ። ልጁን ምሽጉ ጠርዝ ላይ አገኙት፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ፣ መዝጊያው ጠፍቶ። አባቱ ያወቀው የልጁን እጅ አይቶ ነው፤ ፊቱ አልቀረለትምና።

ጄኔራሉ ድሉን ሊጎበኙ በማግሥቱ መጡ። በሬሳው ፊት ቆባቸውን አወለቁ፤ ልጁ በጠላት እሳት በጀግንነት እንደወደቀ፣ ጦርነቱንም ካሳጠሩት አንዱ እንደሆነ ተናገሩ። ድምፃቸው በእውነት ሐዘን ነበረበት፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

«ጠላት እዚህ አልደረሰም፣ ክቡር ጄኔራል» አላቸው መሐንዲሱ። «ልጄን የገደልነው እኔና እርስዎ ነን።»

ሥራውን ጥሎ በመጥፋት ተከሶ ታሰረ። እሱ በእስር ሳለ፣ ሲለምነው የነበረው መለኪያ በሌላ ሰው እጅ ተሠራ፤ የፈጀውም ያንኑ የጠየቀውን አንድ ወቅት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የወጣው ጠመንጃ እንከን አልተገኘበትም። በመቶ ሺህ ተመረተ፤ ጦርነቱ በቀጣዩ ዓመት አለቀ፤ መሣሪያውም በጄኔራሉ ስም ተጠራ። ዛሬ ተማሪ ስለ እሱ ሲጠየቅ ጦርነቱን ያሳጠረ መሣሪያ ብሎ ይመልሳል፤ ትክክል ተብሎም ነጥቡን ያገኛል። ስንት ጠላት እንደጣለ የተጻፈ ሞልቷል፤ ወደ ኋላ ስንቱ እንደፈነዳ ግን በየዓመቱ በድል በዓል አደባባይ ቆሞ የሚጠይቅ አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሐዘን ያሳበደው ነው እያሉ፣ በትሕትና ብብቱን ይዘው፣ ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት ያስወጡት ነበር።