ዳኘው የመረጠው ፔዳል

ዳኘው ከአምፕሊፋየሩ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ጊታሩ ደረቱ ላይ ነው። ግራ እግሩ ጫማ አድርጓል፤ ቀኙ ባዶ ነው። የቀኙ ጫማ፣ ካልሲው ውስጡ ተጠቅልሎ፣ ከወንበሩ ሥር በወጉ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ደጊቱ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎም ከቀኝ ወደ ግራ ተመለከተችው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከእህል መደብር ጀርባ ያለ፣ የሰርግ ባንዱ ለልምምድ የተከራየው ክፍል ነው። ድምፅ እንዲያፍን ግድግዳው ላይ ጆንያ ተለጥፏል። ወለሉ ላይ ሁለት የጊታር ፔዳሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በእግር ሲረገጡ የጊታርን ድምፅ የሚለዋውጡ ሣጥኖች ናቸው። አንዱ ሰፊና ብረት ለበስ ሲሆን ከግድግዳው ሶኬት ተሰክቷል። ሌላው የመጽሐፍ ያህል ነው፤ ፕላስቲክ፣ በባትሪ የሚሠራ። የጊታሩ ገመድ የተያያዘው ከትልቁ ጋር ነው። የትንሹም መብራት ግን በርቷል። ከጠረጴዛው ሥር ባዶ ካርቶንና የተፈታ ሲባጎ ወድቀዋል።

«የገደለው ኮረንቲ ነው» አለ ከኋላዋ የቆመው ፖሊስ። «ሲጫወት መብራት ሄደ። ያኔ ነው የመታው። ቤቱን የዘረጋውን ኤሌክትሪሺያን ይዘነዋል፤ ዘሩ ይባላል።»

«ጣቶቹ ላይ ቃጠሎ አለ?»

«የለም። ሐኪሙ ግን ኮረንቲ ምልክት ላይተው ይችላል ብሏል። የኋላ ራሱ ተመትቷል፤ ሲወድቅ ይሆናል።»

ደጊቱ አጎንብሳ የጊታሩን የድምፅ ቁልፍ ሳትነካ አየችው። እስከ መጨረሻው ተዘግቷል።

ዘሩ እጁ በካቴና ታስሮ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ስታልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራት።

«ኢንስፔክተር፣ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ በእጄ ነው የቀበርኩት። ያስለኩት።»

«አስለክቼዋለሁ። ጤነኛ ነው። ግን መብራት ሲሄድና ሲመጣ ምን እንደሚያመጣ አይታወቅም ይላሉ።»

«ነገ እኮ ልጄ ክርስትና ይነሣል። የወንድ ልጅ ክርስትና ቀኑ አይዘለልም። አባትህ ሰው አስገድሎ ታስሯል እየተባለ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚገባው?»

ደጊቱ ወደ እህል መደብሩ ሄደች።

የቤቱ ባለቤት ባንቺአየሁ የበቆሎ ጆንያዎች መሐል ተቀምጠው፣ ወስፌያቸውን ይዘው ያለቅሳሉ።

«እትዬ፣ ድምፁን እስከ መቼ ሰሙት?»

«መብራቱ እስኪሄድ ነዋ ልጄ። ጆንያ እየሰፋሁ ነበር። አንዲቱን ዜማ ይደጋግማታል፣ ይደጋግማታል። ዛሬስ ምን ነካው አልኩ።»

«ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ዳኘው አይደለም እንዴ! ያ ልጅ አንዴ ከሳታት ቆም ብሎ ያቃናታል። ዛሬ እዚያች ቦታ ሲደርስ ይደናቀፋል። ዞሮ ይመጣል፤ እዚያችው ላይ ይደናቀፋል። ደግሞ አያፍር፣ ይቀጥላል! ተነሥቼ ልጮህበት ምንም አልቀረኝ።»

«ሰው ሲገባ ሲወጣ አላዩም?»

«በምን አይቼ? በጀርባ በር ነው የሚገቡት። እኔ ፊቴ ወደ አስፋልቱ።»

አስከሬኑን ያገኘው አሸናፊ ነው፤ ቡሬ ላይ የሙዚቃ ዕቃ ይሸጣል። አፉ እየደረቀ፣ ቶሎ ቶሎ ይናገራል።

«ሁለቱንም ለሙከራ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጠዋት አራታችንም ሆነን ሞከርናቸው፤ ዳኘው፣ ዘፋኟ ሄቨን፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ፍጹምና እኔ። የእኔ ምክር ትልቁን ነበር።»

«ለምን ትልቁን?»

«ብቻውን ባንድ ነዋ፣ ኢንስፔክተር! ከበሮ አለው፣ ቤዝ አለው። ሉፕም አለው፤ የተጫወቱትን ቀድቶ፣ እስኪያስቆሙት ድረስ ይደጋግመዋል።»

«ትንሹስ?»

«እሱ ድምፅ ከመለወጥ ሌላ አያውቅም። ግን መብራት የሌለበት የገጠር ሰርግ ላይ በባትሪ ይሠራል። ቁልፎቹ ተጠጋግተዋል፤ ዳኘው በጫማ ሲረግጠው ሁለቱን አንድ ላይ ይነካቸዋል። ስለዚህ ያወልቃል። ጠዋት ‹ቅዳሴ ልትገባ ነው ወይ?› ብዬ ስቄበታለሁ።»

«ትልቁን በጫማ ይረግጠው ነበር?»

«በቦቲ ጫማም ቢረገጥ ግድ የለውም።»

«አሁን ሉፑ ውስጥ ምን እንዳለ አሳየኝ።»

መብራት ተመልሷል፤ አሸናፊ ትልቁን በእግሩ ተጫነው። ምንም አልተሰማም። «ባዶ ነው። ይኼኛው መብራት ሲሄድ የቀዳው ሁሉ ይጠፋበታል።»

«ዳኘው የትኛውን መረጠ?»

«ከምሳ በኋላ ደወለና ‹ትልቁን አሽጌልሃለሁ፣ መጥተህ ውሰድ› አለኝ። የእኔ ደንብ የሚመለስ ዕቃ ከነላስቲኩ በካርቶኑ እንዲገባ ነው። ጉዳዬን ጨርሼ ስመጣ...» ወለሉን አየ። «ወጥቶ ተሰክቷል። ሐሳቡን ቀይሮ ይሆን?»

«የካርቶኑን ነገር ለሌላ ሰው ተናግረሃል?»

«ለማን ልናገር? እንዳየሁት ፖሊስ ነው የጠራሁት።»

«እንግዲያው ለማንም አትናገር።»

ሄቨን ከፀጉር ቤት ነው የመጣችው፤ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተፈትቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ነገ ቡሬ ሰርግ ነበራቸው።

«እየተሠራሁ ደወለልኝ» አለች። «ትንሹን መርጫለሁ አለኝ። ለምን ስለው ምክንያቱን ነገረኝ፤ ‹ለፍጹም ግን ነገ ራሴ ነው የምነግረው፣ እንዳትቀድሚኝ› አለ።»

ምክንያቱን ለደጊቱ ነገረቻት። «እኔም ‹እንዳትቀድሚኝ› ልበልሽ፤ ለማንም አትንገሪ» አለቻት ደጊቱ።

ፍጹምን ከቡሬ በሚኒባስ አመጡት። ኪቦርዱን ከእነ ሻንጣው እንዳንጠለጠለ ነው የገባው።

«ጠዋት ከወጣሁ አልተመለስኩም» አለ። «አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ ከዚያ መናኸሪያ። ኪቦርዱን ቀድሜ ሰርጉ ቤት ላደርስ ነበር።»

«አክስትህ ምሳ አብልተውህ እንደወጣህ ነግረውኛል። ሚኒባሱ ውስጥም ያዩህ አሉ። መብራቱ የሄደው አንተ መንገድ ላይ ሳለህ ነው።»

«እና እኔን ምን ይጠይቁኛል?»

«ዳኘውን የምታውቀው አንተ ነህ ብዬ ነው። ጊታር ትሞክራለህ?»

«ሁለት ሦስት ዜማ አሳይቶኛል። ሰው ፊት የሚቀርብ አይደለም።»

«እነዚህን ፔዳሎችስ?»

«ጠዋት አሸናፊ ሲያሳየን አይቻለሁ።»

«ከሁለቱ የትኛውን የመረጠ ይመስልሃል?»

«ትልቁን ነዋ!» አለ ፍጹም፣ ምሬቱን መደበቅ አቅቶት። «ለነገ ይዞት ሊሄድ ከነላስቲኩ ካርቶን ውስጥ ከቶ፣ በሲባጎ አስሮት አልነበር?»

የደጊቱ ፊት አልተለወጠም። «ነበር» አለች። «እዚሁ ቆየኝ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉንም ልምምድ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል፤ ሌላው ዕቃ እንዳለ ነው። ባንቺአየሁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሄቨንና አሸናፊ በሩ አጠገብ፣ ፍጹም ከኪቦርዱ ጎን ቆሙ። ዘሩን ከእነ ካቴናው አስገቡት።

«ዳኘው መብራት እስኪሄድ ሲጫወት ነበር ተብሏል» አለች ደጊቱ። «ስለዚህ የገደለው ኮረንቲ ነው ተባለ፤ ዘሩ ታሰረ። ግን የጊታሩ የድምፅ ቁልፍ ተዘግቷል። አሸናፊ፣ ቁልፉ ተዘግቶ ጊታር ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«እትዬ ባንቺአየሁ የሰሙት ታዲያ ምንድን ነው? አንድ ዜማ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ አንድ ዓይነት መደናቀፍ ያለበት። ሰው ሲስት እንኳ እየለዋወጠ ይስታል። ሳይለወጥ የሚደጋግም ማሽን ነው። የሰሙት ሉፑን ነው።»

«በስመ አብ!» አሉ ባንቺአየሁ። «ሬሳ አጠገብ ነዋ ሲዘፍን የነበረ!»

«አዎ እትዬ። ዳኘው ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲሄድ የጠፋው የማሽኑ ድምፅ ነው። አሁን እግሩን አስቡ። ቀኝ ጫማውን አውልቋል፤ የሚያወልቀው ለትንሹ ብቻ ነው። ትንሹም እስካሁን በርቷል። ሲሞት ይጫወት የነበረው በትንሹ ነው። ትልቁ ካርቶን ውስጥ ታስሮ ነበር። ማነው የፈታው? ሉፕ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ትንሹ ሉፕ የለውም። ያ ሰው ሲባጎውን ፈታ፣ ትልቁን ሰካ፣ ራሱ አንድ ዜማ ተጫውቶ ቀዳና ለቀቀው። ጊታሩን አስከሬኑ ላይ ሲያስቀምጥ እንዳይንጫጫ ቁልፉን ዘጋ። ከዚያም ሰው ወደሚያየው ቦታ ሄደ።»

«አሸናፊም ሊሆን ይችላል» አለ ፍጹም። «ማሽኑን ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።»

«አንተ!» አለ አሸናፊ።

«አስቤበታለሁ» አለች ደጊቱ። «አሸናፊ ቢሆን ኖሮ ትልቁ ታሽጎ እንደነበር አይነግረኝም ነበር። ወለሉ ላይ ተሰክቶ ስናየው ማንም ካርቶኑን አይጠረጥርም ነበር። ሄቨን ስልኩ ከተደወለላት ጀምሮ መብራት እስኪሄድ ከፀጉር ቤቱ ወንበር አልተነሣችም፤ ሠሪዋ መስክራለች።» ወደ ፍጹም ዞረች። «ጠዋት ስትወጣ ሁለቱም ወለሉ ላይ ነበሩ። ዳኘው ትልቁን ያሸገው ከምሳ በኋላ ነው። የደወለው ለአሸናፊና ለሄቨን ብቻ ነው፤ ስልኩን አይቻለሁ። እነሱም ለማንም አልተናገሩም። አስከሬኑ ሲገኝ ካርቶኑ ባዶ ነበር። አንተ ግን ላስቲኩንም ሲባጎውንም ነገርከኝ። የት አየኸው?»

ፍጹም የያዘውን የኪቦርዱን ሻንጣ እጀታ ለቀቀ።

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አለ በመጨረሻ። «አንዴ ነው የገፋሁት። የአምፕሊፋየሩ ጠርዝ ነው የመታው... ያን ሣጥን በካርቶኑ አስሮት ደረስኩ። ከበሮ ያለው፣ ቤዝ ያለው ሣጥን! እኔን ምን ሊያደርገኝ ነው? ስንት ሰርግ አብረን ዞረን በማሽን ሊለውጠኝ? ‹ነገ እንነጋገራለን› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ገፍተኸው ሲወድቅ ብትጮህ ሰው ይደርስ ነበር» አለች ደጊቱ። «አንተ ግን ካርቶን ፈታህ።»

ሄቨን ደጊቱን አየቻት። ደጊቱ ንገሪው በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ፍጹሜ» አለች ሄቨን፣ ያልተሠራውን ፀጉሯን ከፊቷ እየገፋች። «‹ትልቁ ጥሩ ነው፤ ግን ከገዛሁት አሸናፊም ሙሽሮቹም ኪቦርዱ ምን ያደርጋል ይሉኛል። ፍጹምን የሚያስወጣ ዕቃ ቤቴ አይገባም› ነው ያለኝ። ነገ ሁላችንም ባለንበት ሊነግርህ ነበር። ደስታህን ሊያይ።»

ፍጹም ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ካርቶን ተመለከተ።

«ታዲያ ለምን አሸገው?» አለ፣ እንደ ሕፃን።

አሸናፊ ነው የመለሰለት። «የሚመለሰው ነዋ የሚታሸገው። የሚወሰደው ቦርሳ ውስጥ ይገባል።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከዘሩ እጅ ፈትቶ ፍጹም እጅ ላይ አሠረው።

ዘሩ የታሰረበትን አንጓ እያሸ ወደ በሩ ጥቂት ተራመደና ቆመ። «ኢንስፔክተር፣ ሶኬቱን ልንቀለው? እንዲህ ተሰክቶ አይታደርም።»

«ንቀለው።»

ዘሩ ጎንበስ ብሎ ነቀለው። የትልቁ ፔዳል መብራት ጠፋ። ገመዱን በወጉ ጠቅልሎ አስቀመጠና፣ ለነገው ክርስትና ወደሚጠብቁት ሰዎች ሄደ። ከኋላው፣ ከባዶው ጫማ አጠገብ፣ የትንሹ ፔዳል መብራት በባትሪው እንደበራ ቀረ።