የማይለቅ ስም

ክረምት ሲገባ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጉሙ ከባለሱቆቹ ቀድሞ ሥራ ይገባል። ትርሲት ጠዋት ጠዋት የሱቋን የቆርቆሮ በር ስትገፋ አብሯት ሰተት ብሎ ይገባና ማሽኗ እስኪሞቅ ድረስ ጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ይቆያል። እሷ ለጉም ደንታ የላትም። ስም የሚጻፍበትን የስቴንለስ ዕቃ በአልኮል ትወለውላለች፣ ጥቁሩን ቅባት በስሱ ትረጭበታለች፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፣ ከዚያ የሌዘሩ ጨረር ፊደሉን እየተከተለ ዝግ ብሎ ያልፍበታል። በውሃ ስታጥበው ጨረር ያልነካው ቅባት ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል፤ የተነካው ብቻ ከብረቱ ጋር ተጋግሮ እንደ ከሰል ጠቁሮ ይቀራል። በችኮላ የተሠራ እንደሆነ በጥፍር ይላጣል። የትርሲት ሥራ ተላጠ ያለ ሰው ግን እስካሁን አልተወለደም፤ እሷም ይህን ለመናገር አታፍርም።

የምታፍረው በፍርሃቷ ነው። ቤት ውስጥ እናቷ አሰለፈች የልብ ሕመም አልጋ ላይ ከጣላት አምስት ወሯ ነው። ትርሲት በቀን ሦስቴ ትደውላለች፤ ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሣ ደጋግማ ትደውላለች። እናቷ ከሞተች በኋላ የሚመጣውን ቀን አስባው አታውቅም፤ ሐሳቡ ገና ብቅ ሲል ተነሥታ ማሽኑን ትወለውላለች።

አንድ ማክሰኞ የእድሩ ንብረት ጠባቂ አቶ ደጀኔ በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ትሪ በብብታቸው ይዘው መጡ። ዝምተኛና ትሑት ሰው ናቸው፤ ሲቀመጡም ወንበሩ ድምፅ አያሰማም።

«የእድሩ ትሪ ላይ በቀለም ያስጻፍነው ስም ሁሉ እየለቀቀ አስቸገረን። አንቺ ጋ አይለቅም ብለውኝ ነው» አሉና ብጣሽ ወረቀት ዘረጉላት። ወረቀቱ ላይ «አቶ መኩሪያ ደስታ» ይላል፤ ሰፈር ውስጥ ሚስማርና ቀለም የሚሸጡት ሰውዬ ናቸው።

ላስቲኩን ስትልጠው ሽታ መጣ። ገና ከፋብሪካ የወጣ፣ ሰው እጅ ያልነካው ትሪ ትኩስ ንፍሮ ንፍሮ ይሸታል፤ ያውም ለቅሶ ቤት በትልቅ ድስት የሚቀቀለው፣ ጨውና ጢስ ያለበት ንፍሮ። በአልኮል ደጋግማ ወለወለችው። ሽታው አልሄደም፤ ሥራው ግን እንደ ልማዷ አማረላት።

በማግስቱ ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ጉሙን ሰንጥቆ ቀስ እያለ ቀረበ፤ በመስኮቷ ሥር ሲያልፍ መስታወቱ ነዘረ። «ለቅሶው አቶ መኩሪያ ደስታ ቤት ነው!» ትርሲት አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ሰውዬው ትናንት ማታ ከሱቃቸው ደጃፍ እጃቸውን አንሥተው ሰላም ብለዋት ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አለች እናቷ ከውስጥ።

«እኔ እንጃ እማዬ፤ ሩቅ ነው።»

«ሂጂና ድረሺ እንጂ፤ ሰው ምን ይለናል?»

አልሄደችም። ሥራ በዛብኝ አለች፤ እውነቱ ግን ፈርታ ነው። የሟቹን ስም በገዛ እጇ፣ ገና በሕይወት ሳሉ ነው የጻፈችው፤ ያን ድንኳን እንዴት ብላ ትግባ?

በሳምንቱ አቶ ደጀኔ ሌላ ትሪ ይዘው ተመለሱ። «ወይዘሮ ላቀች ውቤ» ይላል ወረቀቱ።

«ደህና ናቸው እሳቸው?» አለች።

«ምን ይሆናሉ? አሁን ገበያ አግኝቻቸው ነው የመጣሁት።»

አጋጣሚ ነው፣ አበድኩ እንዴ ብላ ራሷን እየተቆጣች ሠራችው። በማግስቱ ጡሩምባው ወይዘሮ ላቀች ቤት ሲል ትራሷን ጆሮዋ ላይ ጫነች። ወደ ሥራ ስትሄድ ዙሪያ ጥምጥም በሌላ መንገድ ብትሄድም፣ በጉሙ ውስጥ የድንኳኑ ሸራ መርገብገብ፣ የሴቶቹ ለቅሶና የንፍሮው ሽታ እስከ ሱቋ ደጃፍ ድረስ አልተዋትም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ሮጠች።

ሦስተኛው ወረቀት የመጣው በጠራራ ቀን ነው። «ወይዘሮ አሰለፈች ይመር» ይላል።

«ይሄንን አልሠራም!»

አቶ ደጀኔ አልተቆጡም። «ግድ የለም ልጄ፤ ሌላ ቦታ ይሠራል» ብለው ትሪውን ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ።

ነጠቀቻቸው። ሌላ ሰው ከሠራው ስሙ ሳይለቅ ሊቀር ይችላል፤ እሷ ግን የሚላጥ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች። በአልኮል አልወለወለችውም፤ ይልቅ ዘይት በነካ ጣቷ ዳበሰችው። ጥቁሩን አፍስሳ አወፈረችው፣ ሳይደርቅ አስገባችው፣ የጨረሩን ኃይል አውርዳ ፍጥነቱን እስከ መጨረሻው ሰቀለችው። ማሽኑ ጀመረ። ከማራገቢያው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ነበር፤ ብዙ ሴቶች በአንድ ድንኳን ተቀምጠው ዝግ ብለው ሲያወሩ የሚሰማው ዓይነት ጉርምርምታ። አንዷ መሃል ላይ ሳግ ተናነቃት። ትርሲት ዞር ብላ አየች፤ ከአቶ ደጀኔ በቀር ማንም የለም።

ውሃ ስታፈስበት ጥቁሩ ሁሉ ወረደ፤ ስሙ ቀረ። በዕድሜዋ እንደዚያ የጠራ፣ እንደዚያ የጠቆረ ጽሑፍ ሠርታ አታውቅም። በሽቦ ፈተገችው፤ በብርጭቆ ወረቀት ሞረደችው። ብረቱ ተፋቀ፣ የጣቶቿ ጫፍ ደማ፣ ስሙ ንቅንቅ አላለም።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ አቶ ደጀኔ፤ ትሪውን ከእጇ ቀስ አድርገው ወስደው ወጡ።

ሱቁን ሳትዘጋ ወደ ቤቷ በረረች። ፀሐዩ ጠፍቶ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ የገዛ እግሯን ኮቴ እንኳ ከኋላዋ የሚመጣ እየመሰላት ትደነግጣለች። እየሮጠች ደወለች። ስልኩ በአንዴ ተነሣ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪው? እኔ እኮ ዛሬ ተነሥቻለሁ! ገንፎ ሠርቼ እየጠበቅሁሽ ነው» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ እንደ ድሮው ሞላ ብሏል።

ትርሲት በደስታ ጮኸች። ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ስታለቅስ አንድ ሰው ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ ፊቷ ቆመ። ጥቁር ለብሷል፤ ጢሙ አድጓል። አቶ መኩሪያ ነበሩ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እሳቸው ግን ደክሟቸው፣ እንደ ማንኛውም ሐዘንተኛ ዓይናቸው አብጦ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው አዩዋት።

«ልጄን ስቀብር አለመምጣትሽ ቅር ብሎኛል፣ ትርሲት» አሉ። «ላቀችም እንዲሁ። ባሏን ቀብራ ድንኳን ውስጥ በር በሩን እያየች ስትጠብቅሽ ነበር።»

«እግዜር ያጥናዎት» አለች ትርሲት፤ አፏ ለምዶት ነው። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ እግሯ ሥር ያለው መሬት የቀዘቀዘ መሰላት። ሦስቱንም ስሞች አሰበቻቸው፤ እድር ድንኳኑን የሚተክለው፣ ትሪውንም የሚያመጣው ለሟቹ ሳይሆን ለቀረው ሰው ነው፤ እናቷ ደግሞ በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ በቀር የሚሞትባት ሰው የላትም።