ፍግ ያገኘው ሣር

ሸረፋ እንደሚወደኝ ሳይነግረኝ አምስት ወር ቆየ። እኔ ግን በሁለተኛው ሳምንት አውቄዋለሁ። እስኪናገር ጠበቅኩት እንጂ።

ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ የሄድኩት በ2001 ዓ.ም. የልማት ሠራተኛ ሆኜ ነው። የተመደብኩበት ቀበሌ ከከተማው ወጣ ብሎ ጊቤ ዳር ሲሆን፣ ነዋሪው በየበጋው የሚነሳ አንድ ክርክር ነበረው። ጉማሬዎቹ ሲመሽ ከወንዙ ወጥተው ሜዳው ላይ ይግጣሉ፤ ከብቶቹ ቀን እዚያው ይውላሉ። በጋው ሲጠና ሣሩ ለሁለቱ አይበቃም። ገሚሱ «ጉማሬው ይባረርልን» ይላል፣ ገሚሱ «ከብት ይከልከል» ይላል። ሣሩን ማን እንደሚጨርሰው ግን ለክቶ ያየ አልነበረም።

እኔ ልለካ ተነሳሁ። ከወፍራም ግንድ ሁለት አጥር አሠራሁ፤ አንዱ ቀን ቀን ለከብት ብቻ፣ ሌላው ማታ ማታ ለጉማሬ ብቻ የሚከፈት። ጠዋትና ማታ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ስፈልግ ቀበሌው ሸረፋን ሰጠኝ። የአባ ሀቢቡ ልጅ ነው። የአባቱ ስምንት ላሞች ከዚያ ሜዳ ሌላ መዋያ የላቸውም።

ሐሙስ ሐሙስ እኔ በማስመሪያ እለካለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

«ሩፋይዳ፣ ጉማሬ ሲግጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ አንድ ቀን።

«የበላበትን እንጂ እሱን አላየሁትም።»

«በከንፈሩ ነው የሚነጨው። ላም በምላሷ ጠቅልላ ነው። የሱ ቦታ የተላጨ የሚመስለው ለዚህ ነው።»

«ይህን ሁሉ መቼ አጠናኸው?»

«አንቺ ጎንበስ ብለሽ ስትለኪ የማየው ነገር ሳጣ።»

ዋሸ። የሚያየው እኔን ነበር። ቀና ስል ዓይኑን ወደ ደብተሩ መለሰ።

በአምስት ወር ውስጥ የጉማሬው አጥር ሣር ከከብቱ አጥር በእጥፍ በለጠ። ባየሁት ቁጥር ደስ እያለኝ እስቅ ነበር፤ መልሱን አገኘሁ ብዬ። ሪፖርቴን ጻፍኩ። በቀበሌው ስብሰባ ላይም ቆሜ አነበብኩት፤ ሜዳውን የጎዳው ከብት ነው፣ ስለዚህ ከብት ይከልከል።

አባ ሀቢቡ ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጄ፣ ላሞቹን ከሸጥኩ እበት ከየት አመጣለሁ? እንሰቱንስ በምን ላሳድገው?»

ሸረፋን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ተነሣ።

«የጉማሬውን አጥር ፍግ ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለ። «በየሳምንቱ አንድ ቅርጫት።»

ግቢው በሣቅ ሞላ። «አባቱን ሊያድን ነው» አለ አንዱ። ሸረፋ ግን አባቱን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው።

«ላም የማትገባበት መሬት ፍግ ከየት ያገኛል ብዬ አዘንኩለት። ሩፋይዳ ደግሞ ሣሩ አድጎ ስታይ ትስቅ ነበር። ልኬቱን እንደማበላሽ አልገባኝም፤ ወላሂ።»

እንሰት ጓሮ ያደገ ሰው ነው። ፍግ ያላገኘ መሬት ካየ እጁ አያርፍም። አውቃለሁ፣ እኔም እንሰት ጓሮ ነው ያደግኩት። ዝም ብል ማንም አያምነውም፤ የመጀመሪያ ሪፖርቴም ስሜን ያስጠራልኝ ነበር። እሱ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ሆኖ ይቀራል።

ወደ አጥሩ ሄድኩ፤ ሰዉ ተከተለኝ። በማስመሪያዬ የሣሩን ሥር ቆፈርኩ። ጥቁር፣ የበሰለ ፍግ ወጣ።

«ሪፖርቴ ስሕተት ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሸረፋ እውነቱን ነው። ከዛሬ ጀምሮ እንደገና እለካለሁ።»

አፈርኩ፤ ግን አንገቴን አልደፋሁም።

ስንመለስ ሸረፋ ከኋላዬ ደረሰብኝ። «ተቆጥተሻል?»

«በጣም።»

«እወድሻለሁ።»

«እሱን አውቃለሁ። ቅርጫቱን ግን እቤትህ አስቀምጠው።»

አጥሮቹን አዲስ ቦታ ተክለን ሙሉ ዓመት ለካን። የዚህኛው ልኬት ሌላ ነገር ነገረን፤ ዝናብ ሲኖር ሣሩ ለሁለቱም ይበቃል። የሚጣሉበት በጋው የሚጠናባቸው ሁለት ወራት ብቻ ነበሩ። በእነዚያ ወራት ከብቱ እቤት ታስሮ የእንሰት ቅጠል እንዲቀለብ፣ በቀረው ጊዜ ሜዳው የሁለቱም እንዲሆን ነዋሪዎቹ ተስማሙ። መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት አባ ሀቢቡ ነበሩ።

በዚያው ወር ቡታጅራ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላኩ። አባቴ «ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና «የሚጎዳውንም ቢሆን እውነቱን ይናገራል። ያየሁት ነው» አሉ። ሌላ አልተጠየቁም።

ዛሬ ከቤታችን ጓሮ አርባ እንሰት አለ። ሸረፋ ጠዋት ጠዋት ቅርጫቱን ተሸክሞ በመስኮቴ በኩል ሲያልፍ፣ እንደ ድሮው ቀና ስል ሲያየኝ እይዘዋለሁ። አሁን ዓይኑን አይመልስም። እኔም የጓሮዬን እንሰት ለክቼ አላውቅም።