መስታወቱ የማያውቀው ጣት

ኮምፒውተር ጠጋኙ ሽማግሌ፣ ደንበኞቻቸው አባ ካውያ የሚሏቸው፣ በሱቃቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው ባዶ የሻይ ብርጭቆ፣ አጠገቡ ልጃቸው የሰጠቻቸው አዲስ ታብሌት ነበር። ታብሌቱ ላይ «ዘመኑ ጥሎኝ ሄዷል። መርዙን የጠጣሁት በራሴ ፈቃድ ነው» ይላል።

ፖሊሶቹ ነገሩ አለቀ ብለዋል። ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ግን አላመነችም። የሟቹን ጣቶች ዳሰሰች፤ ሽቦ ሲበይዱ የመበየጃው ካውያ ያቃጠላቸው ጫፎች እንደ ቀንድ ደርቀዋል።

ልጃቸው ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ‹አባዬ፣ እነዚህን ቆርቆሮዎች ተዋቸው› እያልኩ ነዘነዝኩት። ትናንት ታብሌቱን ሳለማምደው ዋልኩ።»

«በምን ነበር የሚጽፉት?» አለች መርማሪዋ።

«በታብሌቱ ብዕር። እሱንም ተሳስቼ በቦርሳዬ ይዤው ሄድኩ።»

አብሯቸው የሚበይደው ታናሽ ወንድማቸው መጣላታቸውን አልካደም። «ወንድም ከወንድሙ ሳይጣላ ይኖራል እንዴ?»

ሱቁን ታብሌት መሸጫ ላድርገው እያለ ሲወተውታቸው የከረመው ሸሪካቸው ግን ዘና ብሏል። «ትናንት አመሻሽ ላይ በደጅ ሳልፍ በጣታቸው ሲጽፉ አየኋቸው። ምን ይከብዳል? ሕፃን እንኳ ይችለዋል።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሰብስባ ታብሌቱን ዘረጋችላቸው።

«በየተራ በጣታችሁ አንድ መስመር አስምሩልኝ።»

ልጅቷ አሰመረች። ሸሪኩም ፈገግ ብሎ አሰመረ። ወንድምየው ጫነ፣ ደግሞም ጫነ፤ መስታወቱ ባዶ ነው።

«እኛን አያውቀንም» አለ በካውያ የደረቁ ጣቶቹን እያየ፣ እያፈረ። «ጋሼማ ከእኔም ይብሱ ነበር።»

«ስለዚህ ሟች ያለ ብዕር አንዲት ፊደል አይጽፉም» አለች መርማሪዋ። «ብዕሩ ደግሞ ከልጃቸው ጋር ነበር። እሷ በስማቸው ጽፋ ቢሆን፣ እሳቸው የጻፉት እንዲመስል ብዕሩን እዚሁ ትታው በሄደች። ወንድማቸውን አያችሁት፤ እሱም በጣቱ አይጽፍም።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። « በጣታቸው ሲጽፉ አየሁ ያሉን እርስዎ ብቻ ነዎት። እዚህ ቤት ትርፍ ሊካፈሉ ይመጣሉ እንጂ ሰውየው ሲሠሩ አይተው አያውቁም፤ መስታወቱ የደረቀ ጣታቸውን እንደማያውቀው በምን ያውቃሉ?»

«ምናልባት… ተሳስቼ ይሆናል» አለ ሸሪኩ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ክንዱን ያዘው።

ልጅቷ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። «በእኔ የተነሣ አይደለማ የሞተው?»

«አይደለም። ትናንት ስትለያዩ ምን አሉሽ?»

ብዕሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ጨበጠችው። «‹ነገ በጠዋት ነይ፤ ስምሽን ማንም ሳያግዘኝ እጽፍልሻለሁ› አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለአባቷ ብቻ ነበር።